አሳዳጊ የበደላት

ደማም ላይ ሐምሌ ነው፤ ውጭው ላብ ይረጫል፣
ውስጥ ግን ማቀዝቀዣው ጥርስ ያንቀጫቅጫል።
እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ መሀል ነው ወንበሬ፣
ሒሳቡ በሰዓት፣ ለምላስ ለከንፈሬ።
ቃል እንዳልጨምር፣ ቃል እንዳልቀንስ ምያለሁ አስቀድሜ፣
የሰማሁትን ብቻ ላሻግር፣ እንደ ድልድይ ተጋድሜ።

ገባች፤ በሁለት ሴት ፖሊስ መሀል፣ ልኳ ባልሆነ አባያ፣
ጫፉን ሰብስባ ይዛ፣ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው፣ ቅዳሜ ለገበያ።

ጸሐፊው አነበበ፦ «ስሟ ሐናን። ሃያ አራት ዓመቷ።
ጃንዋሪ አንድ ነው ልደቷ።»
(በዚህ ችሎት ያለፍን ሁላችን ጃንዋሪ አንድ ነው የተወለድን፤
እናቶቻችን ተጠራርተው፣ ባንድ ሌሊት አምጠውን።)

እኔ ግን ኮሪደሩ ላይ ሌላ ስም ሰምቻለሁ፦
ትርንጎ። የቆቦ ልጅ። የተወለደችውም
የውሃ ቦቴ ገበያ መሀል ተገልብጦ፣
ሰዉ በጀሪካን፣ በድስት፣ በባርኔጣ ሳይቀር የቀዳ ዕለት።
ከዚያ ወዲህ ያለውን ክረምት በጣቷ ቆጠረች፤
አሥሩ አለቀ፣ እንደገና ጀመረች፣
አራተኛው ላይ ቆመች፤
አውራ ጣቷ ሳትታጠፍ ብቻዋን ቀረች።

ያሳደጋት ደላላ ነው።
ወልድያ፣ ከፎቶ ቤት ጀርባ፣ በአንድ ከሰዓት፣
ሻይ ላይ ስኳር እንደሚጨምር ሰው፣ አሥር ዓመት ጨመረባት።
አላዘላት፣ ጡት አላስጣላት፣ በኩፍኝ አላስታመማት፤
ግን ማን አሳደጋት ቢባል፣ እሱ ነው ያሳደጋት።

ክሱ፦ ከአሠሪዋ ቤት መጥፋት።
ሦስት መቶ ሪያል። አንድ የወርቅ አምባር። አንዲት አሻንጉሊት።
«ብሩንም ወርቁንም አላየሁ፤ እሷን ግን ይዣት ወጣሁ» አለች፣
ከዚያም በወጥ ቤት ዐረብኛዋ፣ እኔን ሳትጠብቅ፣ «ዐሩሳ» ብላ ደገመች።
ዳኛው ቀና አለ፦ «ሙሽራ? ባል አላት እንዴ?»
እዚህ አንድ ነው ቃሉ፣ ለሙሽራም ለአሻንጉሊትም።
አቃናሁት። ጸሐፊው ሳቀ።
እሷም አብራ ሳቀች፣
በምን እንደሚሳቅ ሳታውቅ፣ ሰው ስለሳቀ ሳቀች።

ዳኛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህንንም ልናገር።
በመነጽሩ በላይ አያት፦ «ትንሽ ትመስላለች።»
ፓስፖርቱን ገለጠ፣ ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ዳበሰ፣
«ወረቀቱ ይኸው» አለ፤ «ልጅ ብትሆን ኖሮማ
የልጆች ማቆያ አለ፣ ከመንገዱ ማዶ፤
አልጋ አለው፣ ጥቁር ሰሌዳ አለው፣
አሳዳጊም ይጠራላት ነበር።»

አሳዳጊ።
ቃሉን ሳሻግረው ምላሴ ተደናቀፈ።
ባገራችን ስድብ ነው፤ ባለጌ ልጅ መንገድ ላይ ሲያገኙ
«አሳዳጊ የበደለው» ብለው ያልፋሉ።
እዚያ ወንበር ላይ ግን ስድቡ ማስረጃ ሆነብኝ።

ሐኪም የእጅ አንጓ ራጅ አንሥቶ ዕድሜ ያነባል ሲሉ ሰምቻለሁ፤
የልጅ አጥንት ገና አልተጋጠመም፣ መሀሉ ገርበብ ያለ በር ነው።
ራጁን የሚጠይቅ ጠበቃ ነው።
ጠበቃ የለም።
እኔ?
ምያለሁ።

ፍርዱ ተነበበ፦ ሁለት ዓመት፣ ከትልልቆቹ ሴቶች ወህኒ፤
የታሰረችው አርባ ቀን ይታሰብላት።
ተርጉሜ ስጨርስ እጅጌዬን ያዘችኝ፦
«እትዬ፣ ያ ደላላው የጨመረብኝ አሥር ዓመትስ?
እሱ አይታሰብልኝም?»

«ምን አለች?» አለ ዳኛው።

ማቀዝቀዣው ይጮኻል። ቦርሳዬ ውስጥ ኢቃማዬ አለ፣
ጃንዋሪ አንድ የሚል፣
በእሱ ላይ ከራሴ በስምንት ዓመት እበልጣለሁ።

«ምን አለች?»

«አጥንቴን እዩልኝ ብላለች» አልኩ።